ከወረቀቱ ዳር የተቆረጠው መስመር

ሰው ሁሉ «እረፊ» ነው የሚላት። ስሟ ግን እረፊ አይደለም። እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «እረፊ! ኧረ እረፊ! አንቺ ልጅ ምን ሆነሻል?» ስትላት ስለምትውል፣ አዲስ የገባች ጎረቤት አንድ ቀን «እረፊ የምትባለዋ ልጅዎ ደህና ናት?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተለጠፈባት። ደግሞም አይፈረድም። በር ቆልፋ ወጥታ፣ መንገድ አጋምሳ፣ ተመልሳ መጥታ እጀታውን ስባ የምትሞክር ልጅ ነበረች። ምድጃው መዘጋቱን አንዴ በዓይኗ፣ አንዴ በእጇ፣ ከመተኛቷ በፊት ደግሞ በአፍንጫዋ ታረጋግጣለች። ፈተና ጨርሳም ወረቀቷ የሚሰበሰበው አስተማሪው ከእጇ ሲነጥቃት ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ምን ሥራ ይሆነዋል ትላላችሁ? ሲያድላት ያው ጠባይዋ መተዳደሪያዋ ሆነ። ሊፍት የሚተክልና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ ገባች። ድርጅቱ በየሕንፃው ተበትነው ለሚሠሩ ቴክኒሻኖቹ ብሎግ አለው። የትኛው ሊፍት ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ንድፍ፣ በመቆጣጠሪያው ሳጥን ላይ የሚጻፈው ኮድ፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። የእሷ ሥራ ገጹ ከመለቀቁ በፊት መፈተሽ ነው። ሊፍት መጠገን አታውቅም፤ ኮድም አትጽፍም። የምታየው አንድ ነገር ነው፤ ጸሐፊው የጻፈው ኮድ አንዲት ነጥብ ሳትጎድለው፣ የሣለው ንድፍም አንዲት ቀስት ሳትጠፋው አንባቢው ዓይን ዘንድ መድረሱን።

ጠረጴዛዋ ላይ አምስት ዕቃ ተደርድሯል። መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ፣ አዲስ ስልክ፣ ታብሌት፣ ትንሽ ላፕቶፕና ግድግዳ የሚያህል ስክሪን። እያንዳንዱን ገጽ በአምስቱም ታየዋለች። ከዚያ ስክሪኑን ታጠቁረዋለች፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው ብላ ፊደሉን ታሳድገዋለች፤ ኢንተርኔቱንም ሆን ብላ ታንቀራፍፈዋለች። አንድ ቀስት ከሳጥኑ ፈቀቅ ብሎ ካገኘችው ገጹ ወደ ኢንጂነሩ ይመለሳል። ኢንጂነሩ ገጾቹን የሚጽፈው ሰው ነው። እውቀት የተረፈው፣ ትዕግሥት ያነሰው ሰው። «አንቺ ሴት፣ ጨጓራዬን ላጥሽው እኮ!» እያለ ያስተካክላል። ሁሉ አልቆ ሆዷ ሲረካ፣ ከገጹ ግርጌ «ተፈትሿል» የምትል አንዲት ቃል ታሰፍራለች። ያችን ቃል የማስፈር ሥልጣን ያላት እሷ ብቻ ናት።

ብሎጉን ከሚያነቡት ቴክኒሻኖች አንዱ የገዛ ወንድሟ ነው። በአሥር ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ቀድሞ ስላለፈ ደብተር የገዛላትም፣ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያደረሳትም፣ ቤት ስትመጣ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ያላትም እሱ ነው። ጋሼ ነው የምትለው። አርባውን አልፎ አላገባም፤ እሷም ሠላሳዋን አልፋ ገና ነች። ከእናታቸው ጋር ሦስቱ አንድ ቤት ይኖራሉ። ሥራውንም ያስገኘላት እሱ ነው። አለቃው ዘንድ ገብቶ «እህቴ አንድ ነገር አጥርታ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ሞክሯት» አለ። ሞከሯት። ይኸው ስምንት ዓመቷ።

«ጋሼ፣ ገጾቻችንን ታያቸዋለህ?» ትለዋለች አንዳንዴ።

«አያቸዋለሁ» ይላታል። ወሬ አያበዛም።

በምን እንደሚያያቸው ግን ጠይቃው አታውቅም። ኧረ ተዉኝ! የምድጃ ቁልፍ ሦስቴ የምትነካካ ሴት ይህችን አልጠየቀችም። ሰው ሁሉ በስልክ ነው የሚያነብ ብላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዓመታት በፊት፣ ኢንጂነሩን «ሰው በወረቀት ቢያትመውስ?» ብላው ነበር። እሱም ሳቀ። «በዚህ ዘመን ማን ያትማል?» አላት። እሷም አብራው ሳቀችና ተወችው።

አንድ አርብ አዲስ ገጽ መጣ። በአሮጌ ሊፍቶች ላይ ፍሬን ከተቀየረ በኋላ ጣራቸው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ሳጥን እንዴት ከአዲሱ ፍሬን ጋር እንደሚላመድ የሚያሳይ ነው። ኮዱ አራት መስመር ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ግን ረጅም ናት፤ ገጹ ላይ ካላት ሳጥን ስለምታልፍ አንባቢው በጣቱ ወደ ግራ ጎተት ሲያደርጋት ጅራቷ ይወጣል። በአምስቱም ዕቃ ጎተተቻት፤ በአምስቱም እስከ መጨረሻዋ ወጣች። ንድፉ ደግሞ ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ፊደል የተሠራ፣ ኢንጂነሩ ሦስት ቀን የተጨነቀበት፣ እውነትም ዓይን የሚስብ ነበር። «ምን ታወጪለታለሽ አሁን?» አላት ደረቱን ነፍቶ። ምንም አላወጣችለትም። ከሰዓት በኋላ «ተፈትሿል» ብላ ለቀቀችው።

ቅዳሜ ለእሷ የዕረፍት ቀን ነው ይባላል። ይባላል ነው እንጂ፣ እሷ ሥራ ሲጠፋ ነው የሚብስባት። ጋሼ በጠዋት «ዛሬ ፍሬን የምቀይርለት ሊፍት አለኝ» ብሎ ወጥቷል። እሷ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ትላለች። አንድ ነገር የረሳች ይመስላታል፤ ምን እንደሆነ ግን አታውቀውም። እናቷ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን አራግፋ መደርደሪያዎቹ ላይ ወረቀት ታነጥፋለች።

«እንዲሁ ቤቱን ከምትዞሪው ነይ ወረቀት አቀብይኝ» አለቻት።

ወንበሩ ላይ በአንድ ወገናቸው የተጻፈባቸው አሮጌ ወረቀቶች ተቆልለዋል። አንስታ ታቀብላለች። ታዲያ እሷ እንደ ሰው ዝም ብላ አታቀብልም፤ እያንዳንዱን ገልብጣ ሳታይ ከእጇ አይወጣም። ሦስተኛው ወረቀት ላይ እጇ ቀረ።

«ምነው? አቀብይኝ እንጂ፣ እጄ ተንጠልጥሎ ቀረ እኮ!»

ወረቀቱ ባለፈው ወር የለቀቀችው ገጽ ነው። ግርጌው ላይ «ተፈትሿል» ይላል። ደስ አላት መጀመሪያ፤ ሥራዋን ቤቷ ውስጥ በወረቀት ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ የኮዱ ሳጥን ላይ ዓይኗን ጣል አደረገች። መስመሩ የወረቀቱ ዳር ጋ ሲደርስ ቆሟል። ሳታስበው ጣቷ ወረቀቱን ወደ ግራ ጎተት አደረገው። ወረቀት አይጎተት ነገር! ጅራቱ የለም። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። ንድፉንም አየች። ጥቁር የነበረው መደብ በወረቀት ላይ ነጭ ሆኗል፤ ነጩ ፊደል ነጭ ወረቀት ላይ ጠፍቷል። በቀስት የተያያዙ ባዶ ሳጥኖች ብቻ ቀርተዋል።

«እማዬ፣ ይህን ማን ነው ያመጣው?»

«ወንድምሽ ነዋ! ማን ያመጣዋል ሌላ? ቢሮ ያትሙለትና ደረት ኪሱ ውስጥ አጣጥፎ ይሄዳል። ሲጨርስበት ለእኔ ያመጣልኛል። ያ ስልኩ የሊፍቱ ጉድጓድ ከገባበት ወዲህ ስልክ ይዞ አይወጣም፤ ከታች የዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚተወው።» ከዚያ ዘወር ብላ አየቻት። «አታውቂም እንዴ?»

ክው አለች። ጋሼ ዛሬ ፍሬን ይቀይራል። አዲሱ ገጽ የፍሬን ነው። ሦስተኛዋ መስመር ረጅም ናት።

ስልኳን አንስታ ለኢንጂነሩ ደወለች። ከኋላው ልጆች ይንጫጫሉ።

«ቅዳሜ ነው እኮ እረፊ» አላት።

«የትናንቱ ገጽ፣ ሦስተኛዋ መስመር፣ ጅራቷ ቢቆረጥ ምን ይሆናል?»

«እንዴት ይቆረጣል? አምስት ጊዜ...»

«ቢቆረጥ ነው የምልህ!»

ከልጆቹ ጫጫታ ራቅ አለ። «መስመሯ ፍሬኑን ልቀቅ ነው የምትለው። ጅራቷ ለሁለት ሰከንድ ብቻ፣ ከዚያ መልሰህ ያዝ ነው። ጅራቷ ከሌለ ይለቃል፤ ተመልሶ አይዝም።»

«ሳጥኑ ስህተት አለበት ብሎ አይመልሳትም?»

«አይመልስም። ያለ ጅራቷም ሙሉ ትእዛዝ ናት።»

«ሊፍቱ ባዶ ሆኖ፣ ሰው ጣራው ላይ ቆሞ ቢልካትስ?»

«ባዶ ከሆነማ በወዲያ በኩል ያለው ማመዛዘኛ ብረት ስለሚከብድ ሽቅብ ይጎትተዋል። ጣራው ላይ ያለው ሰው ከላይኛው ኮንክሪት ጋር... ለምንድን ነው የምትጠይቂኝ? ማን ነው ጣራ ላይ ያለው?»

«ወንድሜ» አለችው።

«ገጹን አሁን አነሳዋለሁ፣ አሁኑኑ!» ብሎ ዘጋው። ቢያነሳው ምን ሊፈይድ! ወረቀቱ ጋሼ ደረት ኪስ ውስጥ ነው። የጋሼን ስልክ ደወለች። ጠራ፤ ማንም አላነሳውም። ደገመችው። ሦስተኛ ስትሞክር ስልኩ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ብቻውን ሲጮህ ታያት። ወደ ስምሪት ክፍል ደወለች። ተረኛው ተንጠራርቶ የሕንፃውን ቦታ እስኪነግራት ድረስ ጥፍሯን ስትበላ ቆየች። ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ፣ ከአደባባዩ ማዶ።

«ወዴት ነሽ? ኧረ እረፊ!» አለች እናቷ።

«መጣሁ እማዬ» ብላ ወጣች። ነጠላ ጫማ አጥልቃ ነው የወጣችው፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የእናቷ።

ታክሲ አገኘች። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ መኪና በመኪና ላይ ተደርቦ ቆሟል። የአካባቢው መብራት ጠፍቶ የትራፊክ መብራቱም አብሮ ጠፍቷል፤ ሁሉም እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ይላል። «ይሄን መብራት የሚያጠፉ ሰዎች እጃቸው ይሰበር!» ብላ ረገመች። ሹፌሩ በመስታወቱ አያት። «እህቴ፣ ምን ላድርግሽ? መኪናዋ ክንፍ የላት!» አላት። በሩን ከፍታ ወረደች። በመኪኖቹ መሀል እየተሹለከለከች፣ የእናቷ ጫማ እየሰፋባት፣ አንዱን እግር እየጎተተች ሮጠች። ሰው ዞሮ ያያታል። ደንታም አልሰጣት።

የሕንፃው በር ላይ ጥበቃው ወንበሩን ደግፎ ተቀምጧል። ሸንቃጣ ሽማግሌ ነው፤ ሥራውን የሚወድ ዓይነት።

«መታወቂያ!» አላት።

«አልያዝኩም አባባ፣ ወንድሜ ሊፍቱ ውስጥ ነው!»

«ሊፍቱ አይሠራም።»

«አውቃለሁ! እሱ ነው የሚጠግነው!»

እሱ ጫማዋን አየ። ግራና ቀኙን አነጻጸረ። «ልጄ፣ ደህና ነሽ ግን? ደግሞስ ምን ብለሽ ልትወጪ ነው፣ መብራት የለም፣ ደረጃው ጨለማ ነው። ይኸው አርባ ደቂቃ ሆነው ከጠፋ።»

መብራት የለም። ቃሉ ከጆሮዋ አልፎ እስኪገባት ቆየ። መብራት ከሌለ ሳጥኑ አይሠራም። ሳጥኑ ካልሠራ ማንም ምንም አይልክበትም። የጥበቃውን ወንበር ያዘች። አሁን አደባባዩ ላይ የረገመችውን እርግማን ብትመልሰው ደስ ባላት። «አባባ፣ አፈር ስሆን፣ ያስገቡኝ» አለችው። ድምፅዋ ነው መሰል ሆዱ ራራ። «ሰባተኛ ፎቅ ነው፤ ግድግዳውን ይዘሽ ውጪ» አላት።

ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ። እየተረጋጋች መጣች። «ደርሳ ትነግረዋለች፤ ወረቀቱን ትቀበለዋለች፤ ይስቅባታል» እያለች ለራሷ ታወራለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ። አራተኛው ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች።

አምስተኛው ላይ መብራቱ መጣ።

ከላይ እስከ ታች በየቢሮው ያለው ሰው «እሰይ!» አለ። ከአንዱ ክፍል ሬዲዮ ከመሀል ዘፈን ጀመረ። እሷ ግን ደረጃው ላይ ድርቅ አለች። በሕይወቷ መብራት ሲመጣ እንዲህ ደንግጣ አታውቅም። ጫማዎቹን ሁለቱንም እዚያው ጥላ በባዶ እግሯ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች ወጣች። ስድስተኛውን እንዴት እንዳለፈችው አታስታውስም።

ሰባተኛው ፎቅ ላይ የሊፍቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቢጫ መከለያ ቆሞበታል። ከመከለያው ወዲያ፣ አንድ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ጋሼ የሊፍቱ ጣራ ላይ ተንበርክኳል። የመቆጣጠሪያው ሳጥን መክደኛ ተከፍቷል፤ ትንሿ ስክሪን ታበራለች። ወረቀቱ ከሳጥኑ ጎን በማግኔት ተለጥፏል። የአንድ እጁ ጣት ወረቀቱ ላይ ነው፤ የሌላው ቁልፎቹ ላይ።

«ጋሼ! በሕግ አምላክ! እጅህን አንሳ!»

ሁለቱንም እጆቹን ሽቅብ ሰቀላቸው። ዞሮ አያት። እህቱ፣ በባዶ እግሯ፣ ላብ አጥምቋት፣ ሥራ ቦታው ድረስ መጥታለች። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማዬ?» አለ።

«እማዬ ደህና ናት! እማዬ ምንም አልሆነችም! ሦስተኛዋን መስመር ጻፍካት?»

«እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት አልኩህ! ወረቀት እያነጠፈች ነው! ሦስተኛዋን መስመር!»

«ሁለተኛዋ ላይ ነኝ። መብራት ጠፍቶብኝ እዚሁ ቁጭ ብዬ...»

«ውጣ!»

በአሥር ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ነው። እንዲህ አዝዛው አታውቅም። ሳጥኑን አጠፋ፤ ወረቀቱን ላጠው፤ በክንዱ ተንጠልጥሎ ወጣ።

ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ትንፋሽ እያጠራት ነገረችው። ጅራቱን፣ ሁለት ሰከንዱን፣ ያለ ጅራቱም ሙሉ ትእዛዝ መሆኑን። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሦስተኛዋን መስመር አያት። ብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ አንገቱን ቀና አድርጎ በተከፈተው በር በኩል ወደ ላይ፣ ወደ ጨለማው ተመለከተ።

«እስከ ኮንክሪቱ ሁለት ፎቅ» አለ።

እሷ ግን አሁን ነበር የበሸቀችው። ፍርሃቷ አልቆ ቁጣ ሆነ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ሃያ ዓመት የሠራህ ሰው ነህ! መስመሩ ዳር ላይ መቆረጡን እንዴት አታይም? እሱስ ይሁን፣ ንድፉን ተመልከተው፣ ባዶ ሳጥን ብቻ እኮ ነው! ባዶ ሳጥን ምን ይነግርሃል? አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምን?»

«ባዶ መሆኑን አይቼዋለሁ። ጠዋት ገርሞኝ ቆም ብዬም አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጀመርክ?»

ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረውና ግሪስ በነካው አውራ ጣቱ ግርጌውን አሳያት። «ተፈትሿል ይላል» አለ። ከጎኑ ያለውን ቦርሳ ከፍቶ ጠርዙ የተበላ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። «ይኸውልሽ፣ የፋብሪካው መመሪያ። የትም ብሄድ ይዤው ነው የምዞር። ማንም ይጻፍ ማን፣ አለቃም ይሁን፣ መስመር በመስመር ከዚህ ጋር ሳላመሳክር እጄን አላነሳም። ያንቺ ቃል ከታች ካለች ግን አላመሳክርም። ስምንት ዓመት ሙሉ አላመሳከርኩም። ዛሬም፣ እሷ አይታው ባዶ ከሆነ ባዶ መሆን ያለበት ነው ብዬ ነው።»

ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጋሼ ማጽናናት አይሆንለትም፤ ግሪስ የነካ እጁን ትከሻዋ ላይ እንዳያሳርፈው አየር ላይ ይዞት ቆየ። በኋላ «ለመሆኑ ጫማሽን የት ጣልሽው?» አላት። አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው መሀል፣ ሁለት የማይመሳሰሉ ነጠላ ጫማዎች ተኝተው አገኟቸው። ጋሼ አንስቶ አያቸውና «ይሄኛው የእማዬ አይደል?» አለ። ያን ጊዜ ሳቁ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም፤ አምልጧቸው ነው።

ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ ከእሷ ቀድሞ ገብቶ ጠበቃት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። በእጁም አልነካው። «ማን ያትማል ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለ። «የተውኩት እኔ ነኝ» አለችው። ክርክሩ በዚህ አለቀ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ እንደዚያ አጭር ክርክር ኖሯቸው አያውቅም። ኮዱ ሲታተም መስመሩ ዳር ሲደርስ ወደ ታች እንዲታጠፍ አደረገው። ሦስት ቀን የተጨነቀበትን ጥቁር ንድፍ ጣለና በነጭ ላይ በጥቁር ሣለው። እሷ ደግሞ ከመጋዘን ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ማተሚያ አስመጥታ ከአምስቱ ዕቃዎች አጠገብ ስድስተኛ አደረገችው። ቴክኒሻኖቹን አንድ በአንድ ደውላ ጠየቀች። ግማሾቹ ያትማሉ። ግማሾቹ! በስምንት ዓመት አንድም ሰው አልጠየቃቸውም፤ እነሱም አልተናገሩም።

ከዚያ የድሮ ገጾቹን ሁሉ አተመች። ሳምንት ፈጀባት። መቶ አርባ ምናምን ገጽ ነው፤ ሠላሳ አንዱ መስመራቸው ተቆርጧል። ከሠላሳ አንዱም ግርጌ «ተፈትሿል» የምትለውን ቃሏን በገዛ እጇ ፋቀች። ኢንጂነሩ «ይህን ያህል እንኳ አያስፈልግም፣ ሲስተካከሉ ያው...» ሊላት ጀምሮ ፊቷን አይቶ ተወው። እነዚያን ቀናት እህል እንኳ በአግባቡ አልቀመሰችም። በየገጹ አንድ ሰው የሊፍት ጣራ ላይ ተንበርክኮ ይታያታል። አንዳንዱን ገጽ ለአራት ዓመት፣ ለአምስት ዓመት ስንት ሰው ተሸክሞት እንደዞረ ስታስብ ተነስታ ኮሪደሩን ትመላለሳለች። ምንም ያልደረሰው በዕድል ብቻ ነው። እሷ ስላየችው አልነበረም።

የፍሬኑን ገጽ መጨረሻ አስቀረችው። በስድስቱም አየችው። አተመችው፤ ከጸሐፊው ኮድ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየችው። ውጪ ማተሚያ ቤት ወስዳም አሳተመችው። ከዚያ ብቻ «ተፈትሿል» አለች። ወረቀቱን ይዛ ከሥራ ስትወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መንገዱን ሙሉ ቦርሳዋን እየከፈተች መኖሩን አየች።

ጋሼ ከሥራ መጥቶ እጁን ታጥቦ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። እናታቸው ማዶ ሆና ምስር ትለቅማለች፤ ዓይኗ ግን እነሱ ላይ ነው። እረፊ ወረቀቱን ከፊቱ አስቀመጠችው።

«የፍሬኑ ነው። ተስተካክሏል» አለችው።

አነሳው። አገላበጠው። ግርጌውን አየ። ከዚያ መነጽሩን ከኪሱ አወጣና አጠለቀ። ወደ ወለሉ ጎንበስ ብሎ ከቦርሳው ያንን ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ገጹን ፈልጎ ከፈተው። ጣቱን የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ አሳረፈ።

ቅር አላት። እንዴት አይላት! ስምንት ዓመት ሙሉ በእሷ ገጽ ላይ ሳይከፍተው የኖረውን መጽሐፍ ዛሬ ፊቷ ላይ ከፈተው። «አይቼዋለሁ እኮ ጋሼ፣ ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ» ልትለው አፏ ድረስ መጣ። እሱም ገብቶታል መሰል ከመነጽሩ በላይ ቀና ብሎ አያት። «ቅር አይበልሽ እህቴ» አላት ቀስ ብሎ።

ዋጠችው። ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። መጽሐፉን ከእጁ ወሰደችና ወደ ራሷ አዞረችው፤ እሱ ወረቀቱን ያዘ። ከመጽሐፉ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የመጀመሪያዋን መስመር አነበበችለት። ጣቱ ወረቀቱ ላይ እየተከተላት ሄደ። ሁለተኛዋን አነበበችለት። ሦስተኛዋን ከራሷ እስከ ጅራቷ፣ ቃል ሳትዘል፣ አነበበችለት።

ጋሼ ጣቱን ጅራቷ ላይ አቆመ።

«ሦስተኛዋን ድገሚልኝ» አላት።

ደገመችለት።